የታማኝነት ነጥብ በቅቤ ተራ

ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ልብሴም ፀጉሬም ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ውጭ ሲያዞር አያለሁ፣ አይገርመኝም። ወር የሰነበተ ቅቤ፣ ቅል ውስጥ የተረሳ ቅቤ፣ ክረምት ላይ ሻጋታ ያበቀለ ቅቤ በእጄ ገልብጫለሁ። አንዱም ወደ ላይ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ላይ ያለኝ ሽታ የሌለው ነገር ነው። በስልኬ የገባ መልእክት ነበር፤ «ውድ ነጋዴያችን፣ በዚህ ሳምንት የታማኝነት ነጥብዎ ቀንሷል» ይላል። የያዝኩትን መዝኜ ጨረስኩና ከግንቡ ጥግ ሄጄ ምራቄን ተፋሁ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ባሌ ከጦር ሜዳ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሠራዊቱ ተበትኖ፣ ደመወዝ ቀርቶ፣ እሱ አልጋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ እኔ ያለችኝን አንዲት ጥልፍ ቀሚስ ሸጬ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ተራ ተቀመጥኩ። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ያቋረጥኩ ሴት ነበርኩና ዘመዶቼ «ለዚህ ነው እንዴ የተማርሽው?» ብለው አላገጡብኝ። ያላገጡት ሁሉ ኋላ በኋላ ለዓመት በዓል ቅቤ በቅናሽ ሊወስዱ መጥተዋል። ሰጥቻቸዋለሁም፤ ፊቴን ግን አልፈታሁላቸውም።

ቦታዬ ከበሩ ሲገቡ በስተግራ፣ ከአንድ አሮጌ ግንብ ሥር ነበር። ለቅቤ ሻጭ ቦታ ማለት ጥላ ማለት ነው። ግንቡ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትወጣ ድረስ ያጠላልኛል፣ ከዚያ በኋላ ዣንጥላ እዘረጋለሁ። ጥላ የሌላት ሻጭ ቅቤዋ እዚያው ሳህኑ ላይ ይቀልጥና ዘይት ይሆናል፤ ቀልጦ መልሶ የረጋ ቅቤ ደግሞ እንኳን ደንበኛ መንገደኛም አይወስደው። ከዚያች ጥላ ሥር ተቀምጬ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። ቦታዋን ብነጠቅ ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ሙስሊም ናት፤ የአዲስ ዓለም፣ የከተማችን የሙስሊሞች ሰፈር ሰው። አባቷም አያቷም ነጋዴ ናቸው፤ እኔ ሚዛን አያያዝ የተማርኩት ከሷ ነው። እሷ በረመዳን ራሷን ሲያዞራት ሳህኗን እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ በሁዳዴ ዝንብ ሳባርር ስውል ከሙስሊም ደንበኞቿ አንድ ሁለቱን «ዛሬ ከሷ ውሰዱ» ብላ ወደኔ ትልካለች። ስንጣላም እንጣላለን። አንድ ጊዜ በዣንጥላ ምክንያት ለሁለት ቅዳሜ አልተነጋገርንም።

አሁን ስለ ደንበኛ ልናገር፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ንዴቴ አይገባውም። እኛ ዘንድ ሻጯም ገዢዋም እርስ በርስ «ደንበኛዬ» ነው የሚባባሉት። ገዢዋ ቅቤውን በአይበሉባዋ ቀብታ ታሸታለች፣ ዋጋ እንነጋገራለን፣ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ በጣቴ ቆንጥሬ ከላይ እጨምርላታለሁ። ይህን ጭማሪ ምርቃት እንለዋለን። ይህ የማንም ገበያ ወግ ነው። የቅቤ ተራ ወግ ግን አንድ ሌላ ነገር አለው። ለጋ ቅቤ አለ፤ ትናንት የተናጠ፣ ለራስ የሚቀባ፣ ለአራስ ገንፎ የሚሆን። በሳል አለ፤ የሰነበተ፣ አፍንጫ የሚመታ፣ ከቅመም ጋር ሲነጠር ግን ለዶሮ ወጥ ተወዳዳሪ የሌለው። ደንበኛዬ ለጋ ፈልጋ መጥታ እኔ በሳል ብቻ ካለኝ፣ «ዛሬ የኔ ላንቺ አይሆንም፣ ከሷ ውሰጂ» ብዬ ወደ ጎረቤቴ እልካታለሁ። ጎረቤቴም እንደዚሁ። የተላከችው ሴት ለምን አትልም፤ ሄዳ ትወስዳለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ደንበኛዋ ትመለሳለች። ይህን ቃል ደፍራ የማትናገር ሻጭ እኛ ዘንድ ሻጭ አትባልም ነበር።

ከሁሉም ደንበኞቼ የምታንሰውም የምትበልጠውም አንዲት ሴት ነበረች። የምታንሰው በምትገዛው መጠን ነው፤ ጠላ ጠምቃ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ያላት። የምትበልጠው ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ስለመጣች ነው። በተቀመጥኩ በመጀመሪያው ዓመት ልጅቱን አዝላ መጣችና ቅቤዬን አሸተተች፣ ከዚያ ልጅቱንም አስሸተተቻት። ሳቅኩ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ እላታለሁ፣ እቴ ትለኛለች። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ስንቴ «ዛሬ የኔ ላንቺ አይሆንም» እንዳልኳት እንጃ። እውነቴን መሆኑን ልታጣራ ብላ አንድም ቀን ዓይኔን አላየችም። ቃሌን ትሰማና ወደ ጎረቤቴ ዞር ትላለች፣ አበቃ።

ከዚያ ፕሮጀክቱ መጣ።

ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። ከከተማው ነው ያለ አለ፣ ከውጭ ነው ያለ አለ። አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ቅቤ ተራን፣ በርበሬ ተራን፣ እህል ተራን ጠርተው ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን። የታሸገ ውሃ አደሉን። ታብሌት የያዘ አንድ ሰው ከፊት ቆመና «ባህላዊ ገበያችንን እናዘምናለን» አለ። እኔ ውሃዬን ከፍቼ ጠጣሁ፤ ገበያ ይዘምናል ሲባል የሰማሁት የመጀመሪያዬ አልነበረም።

«ደንበኛ ታማኝ እንዲሆን ማበረታቻ ይፈልጋል» አለ ባለ ታብሌቱ። ነገሩ እንዲህ ነው። ገዢዋ የስልክ ቁጥሯን ትሰጣለች፣ ሻጯ በስልኳ ትመዘግባታለች። አንድ ኪሎ በገዛች ቁጥር ነጥብ ይመዘገብላታል፤ ከኪሎ በታች ግን አይቆጠርም። ነጥቡ የሚጠራቀመው ከአንዲት ሻጭ ብቻ ስትገዛ ነው። ሲበዛ ፔርሙዝ ትሸለማለች፣ ሲበዛ ሲበዛ ብርድ ልብስ፣ ከዚያም በላይ ፍሪጅ። ሻጯም በደንበኞቿ ነጥብ ትመዘናለች፣ ደንበኛም ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ትሰጣታለች።

እጄን አወጣሁ። «ምርቃቱስ?» አልኩ።

«ምርቃት ልኬት የለውም እናቴ። ሲስተሙ አያውቀውም። ከእንግዲህ በምርቃት ፋንታ ነጥብ ነው።»

«ነጥቡን ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሱም አብሮ ሳቀ፣ እንደ ቀልድ ነበር የወሰደው። ቀልድ አልነበረም። ቀጥሎ የተናገረው ግን አያስቅም ነበር። ገበያው ውስጥ አዲስ ሼድ ሊሠራ ነው፣ ቦታ እንደ አዲስ ሊደለደል ነው፤ ነጥባቸው ከፍ ያለው ከፊት፣ ከግንቡ ወገን ይሆናሉ። ዝቅ ያሉት ከኋላ፣ ከዶሮ ማረጃው ጎን። ዶሮ ማረጃው ዘንድ ጥላ ቢጤ እንኳ የለም፣ ከሥሩ የደም ውሃ የሚወርድበት ቱቦ ያልፋል፣ ላባው ነፋስ ባነሳው ቁጥር ይበራል። ቅቤ ላይ ላባ ሲያርፍ አስቡት።

ቅቤ የሚያመጡልኝ ሰውዬ የመካነ ብርሃን ገበሬ ናቸው፤ ከጃናሞራ ደጋ ከየጎረቤቱ ለቅመው፣ ደባርቅ ወርደው፣ በማኪና ጎንደር ያደርሱልኛል። ነገሩን ስነግራቸው ቅላቸውን እያወረዱ ሰሙኝ።

«አያ፣ ከእንግዲህ ደንበኛ ሁሉ በስልክ ይመዘገባል» አልኳቸው።

«ምነው? ቅቤው አይበቃም?»

«ነጥብ ይሰጣታል ነው የሚሉት። ታማኝ እንድትሆን።»

«እንግዲያ ላሚቱንም መዝግቧት እንጂ፤ ከሁሉ የታመነች እሷ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆር አለ። «ሸጋ ነገር አይመስለኝም ልጄ» አሉኝ።

አልነበረምም። ያየሁትን ሁሉ ልዘርዝር ብል ይመሽብኛል፤ ግን አንዳንዱ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ለስንት ዓመት ዓይነ አፋር የነበረች ሻጭ የሰው ነጠላ ይዛ ስትጎትት አየሁ። ሌላዋ የልጆቿን፣ የባሏን፣ የእህቷን ስልክ ሁሉ ደንበኛ አድርጋ መዘገበችና ለራሷ ስትሸጥ ዋለች። ፈገግታ ግዴታ ሆነ፤ «ፈገግ ያለ ነጋዴ አምስት ያገኛል» ተብለናልና ጥርሳችንን ማስጣት ያዝን። እኔ ፊቴ በተፈጥሮው የተኮሳተረ ነው፤ ፈገግ ስል ደንበኞቼ «አመመሽ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ሆቴል ያላቸው ሰዎች በብዛት ስለሚገዙ ነጥባቸው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሻጮች ለጋ ለጋውን ለሆቴሎቹ እየደበቁ ለድሃዋ በሳሉን «ለጋ ነው» ይሏት ጀመር። ይህን በአደባባይ፣ እርስ በርስ እየተያየን፣ አንዳችን ሌላችንን እንኳ ሳናፍር ነበር የምናደርገው። «የምናደርገው» ያልኩት ተራውን ነው፤ እኔ ለአንዲትም ሴት በሳሉን ለጋ ብዬ አልሸጥኩም፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ከሁሉ በላይ ያስጠላኝ ግን አንድ ቃል ከገበያው መጥፋቱ ነው። «የኔ ላንቺ አይሆንም» የሚል ሰው አልቀረም። ደንበኛን ወደ ሌላ መላክ ነጥብ መስጠት ሆነ፣ ነጥብ መስጠት ጥላ መስጠት ሆነ። እኔና ጎረቤቴ ብቻ ለተወሰነ ጊዜ ገፋንበት። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፣ እሷም ሙስሊም ደንበኞቿን ወደኔ መላክ አቆመች። ጠየቅኳት።

«አትቀየሚኝ» አለች፤ ዓይኗን ከሚዛኑ ላይ ሳታነሳ። «እኔም ከዶሮ ጋር መቀመጥ አልፈልግም።»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ተቀየምኳት ግን።

ሁዳዴ የገባ ዕለት ቅቤ ተራ ጭር እንደሚል ጎንደር ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ክርስቲያኑ ሁሉ እስከ ፋሲካ ቅቤ አይነካም። ሲስተሙ ግን አላወቀም። ጾሙ እኩሌታው ላይ ሳይደርስ የደንበኞቼ ስልክ ሁሉ ይጮህ ጀመር። እትዬ በያዘችው ትንሽዬ ባለ ባትሪ ስልክ መልእክት ሲገባላት ገበያ ድረስ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ፊደል ስለማታውቅ የስልኳ ነገር ሁልጊዜ የኔ ሥራ ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ ግዢ ስላቋረጡ ያጠራቀሙት ነጥብ ሊቃጠል ነው» ይላል።

«ይቃጠላል ማለት?» አለችኝ።

«ይጠፋል ማለት ነው እትዬ።»

«ጾም አይደል እንዴ?»

«ጾም ነው።»

«ታዲያ ብይና ግዢ እያለኝ ነው?» አለችና አማተበች።

ደሜ ፈላ። ሳህኔን ለጎረቤቴ ትቼ ባለ ታብሌቱን ፍለጋ ሄድኩ፤ በርበሬ ተራ ሲያስነጥስ አገኘሁት። ጾም እንደሆነ ነገርኩት። እሱም ጾመኛ መሆኑን ነገረኝ። «ሲስተሙ ነው እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ አዲስ አበባ ነው የተሠራው» አለኝ።

«አዲስ አበባ ሁዳዴ የለም?»

በርበሬው እንደገና አስነጠሰው። ያስጠላኝ ክፉ አለመሆኑ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ ነበር። ጾሙን የሚጾም፣ እናቴ ብሎ የሚጠራኝ፣ ግን በእጁ የያዛት መስታወት ያለችውን የሚያደርግ ልጅ እግር ነበር። ብዙ ሰው ከጮኸ በኋላ አንድ መፍትሔ አመጡ። ቀዳም ሥዑር ማታ ድረስ አንድ ኪሎ ከደንበኛዋ የገዛች ነጥቧ አይቃጠልባትም፣ እንዲያውም እጥፍ ይሆንላታል። በዚያው ማታ የሻጮቹም ነጥብ ይዘጋል፣ የሼዱ ቦታ ይደለደላል።

እትዬ ፔርሙዝ ልታገኝ አንድ ኪሎ ቀርቷት ነበር። ልጇ ደግሞ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል። «ለአራሷ አጥሚት የማቆይበት ፔርሙዝ» እያለች ስታወራልኝ ሰነበተች። ፔርሙዝ በየሱቁ ሞልቷል፤ እንደዚህ ሆኖ የሚገኘው ግን ሌላ ጣዕም አለው መሰለኝ። ለብዙ ዓመት ከማንም ምንም ያልተሸለመች ሴት ናት።

ሐሙስ ዕለት ልጅቱ ወለደች። ቅዳሜ ቀዳም ሥዑር ሆነ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን የመጣለትን ቄጠማ በራሱ ላይ አስሮ ገበያውን ሞላው፤ ዶሮው ይጮሃል፣ ሽንኩርቱ በጆንያ ይራገፋል። እኔ ግን ጠዋት የደረሰኝ ቅቤ ሳይሆን ስልክ ነበር። አያ ከደባርቅ ወዲያ ሆነው ደወሉልኝ። «ማኪናይቱ ተሰብራ ቆማለች። ለጋው ከነቅሉ እዚሁ ከኔ ጋር ነው፤ ዛሬ አልደርስም ልጄ።» በሳህኔ ላይ ያለው ባለፈው የተረፈኝ በሳል ብቻ ነበር። ለዶሮ ወጥ ነውና ሰው ይወስደው ነበር፤ እንዲያውም በደንብ ይሸጥ ነበር። ጎረቤቴ ዘንድ ለጋ ሞልቷል።

ባለ ታብሌቱ በጠዋቱ መጥቶ አይቶኝ ነበር። «እናቴ፣ ከግንቡ ሥር የመጨረሻዋ እርስዎ ነዎት፤ ለትንሽ ነው የያዙት» አለኝ። «ዛሬ አንድ መጥፎ ደረጃ ከተሰጠዎት ይወርዳሉ። እባክዎ ፈገግ ይበሉ።»

እትዬ ከቀትር በፊት መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ላብ በላብ ሆና።

«እንኳን ማርያም ማረችልሽ» አልኳት። ተሳሳምን። ወንድ ነው አለችኝ። ከዚያ ብሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ለአንድ ኪሎ የሚበቃ ነበር፣ ከዚያ የሚተርፍ አልነበረም።

«ለገንፎዋም ለራሷም ነው፤ ለጋ አድርጊልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ዛሬ የኔ ላንቺ አይሆንም። በሳል ብቻ ነው የቀረኝ። ከሷ ውሰጂ፣ ሸጋ ለጋ አላት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ስላት ወዲያው ዞር ትል ነበር። ያን ቀን አልዞረችም። ቆማ ፊት ለፊት አየችኝ።

«ነጥቤስ?»

«ነጥብሽ ይቀራል። አራሷ ትበልጣለች።»

«ከሷ ብገዛ እኮ ይቃጠላል። አንቺ ራስሽ አይደለሽ ያነበብሽልኝ?»

«አንብቤልሻለሁ። ግን በሳል ነው እትዬ፤ አሽትቺው።» በጣቴ ቆንጥሬ አይበሉባዋ ላይ ቀባሁላት።

አላሸተተችም። እጇን በነጠላዋ ጠረገችው። «ለጋውን የት አደረግሽው?» አለችኝ።

ነገሩ አልገባኝም። «የቱን ለጋ?»

«አላውቅም ብለሽ ነው? ተራው ሁሉ ለሆቴሎቹ እየደበቀ እንደሚያስቀምጥ አገር ያወቀው ነው። እኔ አንድ ኪሎ የምገዛ ሴት፣ ለኔ ማን ለጋ ያስቀምጣል? ምነው እቴ፣ አንቺም?»

እንዲህ ያለ ነገር ከሷ አፍ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። መሶቤን ገለበጥኩላት፤ ከታች ያለውን ኮባ አነሳሁላት፣ ባዶውን ቅል አሳየኋት። «ቤትሽ ነው ያለው» አለች። እንግዲህ ምን ይባላል? የተቆጣሁት በሷ ብቻ አይደለም። ተራውን ሁሉ፣ ፔርሙዙን፣ ቲሸርቱን፣ አዳራሹን፣ ያን የታሸገ ውሃ ጭምር ተጠየፍኩት።

«እሺ፣ ከዚሁ ከበሳሉ መዝኚልኝ» አለች በመጨረሻ። «አጥቤ አጥቤ አነጥረዋለሁ። ነጥቤንም መዝግቢልኝ።»

«ለአራስ በሳል አልመዝንልሽም።»

«ብሩ የኔ ነው!»

«ቅቤውም የኔ ነው። አልመዝንም።»

ጎረቤቴ ከጎን ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ መዝኚላት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ቦታሽ እኮ ነው።» ቦታዬ መሆኑን አላጣሁትም። ግን የሐሙስ አራስ፣ ገና ሰውነቷ ያልጠና ልጅ፣ ያን አፍንጫ የሚሰነጥቅ ቅቤ በገንፎ ስትበላ ታየኝ። ያቺ ልጅ የእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ቅቤዬን ያሸተተች ናት። እጄ ወደ ሚዛኑ አልሄድ አለኝ።

ጩኸታችን ባለ ታብሌቱን አመጣው። እትዬ ሁሉንም ነገረችው። «ነጋዴ ደንበኛን መመለስ አይችልም» አለና ታብሌቱን ነካካ። «ቅሬታዎን አሁን በስልክዎ ይልካሉ፤ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር መርጠው ይጫኑ።» ስልኳ ጮኸ። እሱ ግን ወዲያው ከበርበሬ ተራ ተጠራና እየሮጠ ሄደ፤ እዚያም የሚጣሉ ነበሩ።

እትዬ ስልኩን ይዛ ቆመች። ገለባበጠችው። ዙሪያዋን አየች፣ ጎረቤቴን አየች፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ወደኔ ዘረጋችው።

«አንቺው ተጫኚልኝ» አለች። «አላውቅበትም።»

ተቀበልኳት። እጄ ቅቤ ስለነበር በቀሚሴ ጠረግኩ። መልእክቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አንድ መጥፎ ነው፣ አምስት በጣም ጥሩ ነው። ስንት ልበልልሽ?»

ትንሽ አሰበች። የተናደደች ሴት አስተሳሰብ አልነበረም፤ ዋጋ ስትቆርጥ እንደምታስበው ነው ያሰበችው። ቦታዬ በዚህ ቁጥር ላይ እንደተንጠለጠለ አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳትም። ልለምናት አልፈለግሁም።

«አንድ» አለች። «ሐቁን ነው እቴ፤ ዛሬ አሳርረሽኛል።»

ጎረቤቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። አምስትን ተጫኚ ማለቷ ነው። ማን ያያል? ሴትዮዋ ፊደል አትለይ፣ ቁጥር አትለይ። ያን ጊዜ ጣቴን ወደ ታች ትንሽ ዝቅ ባደርጋት ኖሮ ዛሬም ከግንቡ ጥላ ሥር ነበርኩ፤ ከቅቤዬ ላይ ላባ ስለቅም አልውልም ነበር።

አንድን ተጫንኩና ላክሁ።

«ሄደ?» አለችኝ።

«ሄደ።»

ስልኩን ከእጄ ተቀበለችና ሳታየው ከቦርሳዋ ከተተችው።